ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የይፋት በር፤ የአንድ መንግሥት ታሪክ በሥዕል፣ በፎቶግራፍና በቅርስ ሲመረመር

በየመዝገብ ቤቱ፣ በየቤተ መጻሕፍቱና በየቤተ መዘክሩ ለምንሠራ ሁሉ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በፎቶግራፍ የበለጸገ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቶቻቸውና ከውጭ አገር መልእክተኞች ጋር ሆነው የተነሧቸው ምስሎች በአገር ውስጥም በውጭም በብዛት ተጠብቀው ይገኛሉ። ምኒልክ የወረሱትን የሸዋን መንግሥት ያጠናከሩት አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግን፣ ከ1813 እስከ 1847 ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት ያህል የገዙ ታላቅ ንጉሥ ሲሆኑ፣ መልካቸው የሚታወቀው በውጭ አገር ሰዎች እጅ ተሥለው በኤውሮጳ ከታተሙ ጥቂት ሥዕሎች ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

የጊዜው መገጣጠም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ዳጌር የተባለው ፈረንሣዊ የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ በይፋ የታወጀው በ1839 ሲሆን፣ ጀርመናውያኑ ሚሲዮናውያን ክራፕፍና ኢዘንበርግ፣ እንዲሁም ፈረንሣዊው መንገደኛ ሮሼ ዴሪኩር ወደ ሸዋ የገቡት በዚያው ዓመት ነበር። በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያዎቹ ተብለው የሚቆጠሩት ፎቶግራፎች ግን ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ ከ1859 ጀምሮ ያነሣቸው ናቸው፤ ይኸውም ንጉሡ ካረፉ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስለሆነም የሣህለ ሥላሴን ሕይወትና መንግሥት ለማጥናት የሚነሣ ሰው የሚመረምረው ሥዕልን፣ ብራናን፣ ማኅተምን፣ ገንዘብን፣ የፈረሰ ግንብንና የጥንት መንገድን ፈለግ ነው። ይህም ምርመራ ከአንኮበር ተራራ ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ይወስደዋል፤ ዕቃውም፣ መልእክተኛውም፣ ሠዓሊውም ወደ ሸዋ የገባው በይፋት በር ነበርና።

ከሰላ ድንጋይ ወደ ቁንዲ

ሣህለ ሥላሴ የተወለዱት በ1795 ገደማ ሲሆን፣ አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ፣ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ነበሩ። የሸዋ ገዥዎች ቤት ከመንዝ፣ ከነጋሢ ክርስቶስ የተነሣ ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ውስጥ ግዛቱን ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ እያሰፋ ይፋትንና አንኮበርን በእጁ አድርጓል። ገዥዎቹም መርዕድ አዝማች በሚል ማዕርግ ይጠሩ ነበር። በጎንደር የነበረው ማዕከላዊ ሥልጣን በመሳፍንቱ ጠብ ሲዳከም፣ ሸዋ በተራራውና በገደሉ ተከልሎ የራሱን መንግሥት በጸጥታ ሲያደራጅ ቆየ።

ወሰን ሰገድ በ1813 ገደማ በአገልጋያቸው እጅ በተገደሉ ጊዜ አልጋው ይገባቸው የነበረው ታላቁ ልጅ በኩሬ ነበሩ። ይሁን እንጂ በሰላ ድንጋይ በትምህርት ላይ የነበሩት የአሥራ ስምንት ዓመት ያህሉ ወጣት ሣህለ ሥላሴ ፈጥነው አባታቸው ይቀመጡበት ወደነበረው ወደ ቁንዲ ደረሱና ሥልጣኑን ያዙ። በዚህም የእናታቸው የመንዝ ዘመዶች እንደረዷቸው ይታመናል። በኩሬ ዘግይተው መጡ፤ ተይዘውም ወደ ጎንቾ ተላኩ።

ጎንቾ ከአንኮበር በታች በይፋት በኩል የሚገኝ የመንግሥት እስር ቤት ነበር። በጊዜው በነበረው የሸዋ ልማድ አዲስ ገዥ አልጋ ሲይዝ ወንድሞቹና ለአልጋው ያሰጋሉ የተባሉ የቅርብ ዘመዶቹ በዚያ በሰንሰለት ታስረው ይቀመጡ ነበር። ልማዱ ጨካኝ ቢሆንም የሚያስገኘው ጥቅም በጊዜው ለነበሩት ሰዎች የተሰወረ አልነበረም፤ ጎንደርና ሌላው አገር በወራሾች ሽኩቻ ሲታመስ ሸዋ ከአባት ወደ ልጅ በሥርዓት ይተላለፍ ነበር። ሰላሙ የተገዛበት ዋጋ ግን በጎንቾ ጨለማ ውስጥ የሚከፈል ነበር። ሣህለ ሥላሴ ወንበራቸው መጽናቱን ካረጋገጡ በኋላ ከአባቶቻቸው ማዕርግ ከፍ ብለው ንጉሥ ተባሉ። በስማቸው ላይ ከሸዋ ቀጥሎ ይፋት፣ ከዚያም ኦሮሞና ጉራጌ መጨመሩ መንግሥቱ በየትኛው ምሰሶ ላይ እንደቆመ ያመለክታል።

የወላስማ ስም

ይፋት በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ አንድ ግዛት ይሁን እንጂ፣ ከሸዋ ነገሥታት በፊት የራሱ መንግሥት የነበረው አገር ነው። ዑመር ወላስማ የመሠረተው ቤተ መንግሥት በ1285 የቀድሞውን የሸዋ እስላማዊ መንግሥት ጠቅልሎ፣ ከደጋው ግርጌ እስከ ዘይላ ባሕር የሚወስደውን የንግድ መንገድ ተቆጣጥሮ ነበር። በ1332 አፄ ዓምደ ጽዮን ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር ያደረጉት ጦርነት በታሪክ የታወቀ ነው። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሱልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ከተገደለ በኋላ ልጆቹ ወደ ምሥራቅ አፈግፍገው የአዳልን መንግሥት አቋቋሙ፤ የይፋት ቆላም ከዋና ከተማነት ወረደ።

ከዚያ ዘመን የቀረው ምስክር በዛሬው ሸዋ ሮቢት አካባቢና ከዚያም በስተደቡብ በተራራው ግርጌ ተበትኖ ይገኛል። ኖራ፣ አስባሪና መሳል በተባሉት ስፍራዎች የመስጊድ ግንቦች፣ የቤት መሠረቶችና የመቃብር ስፍራዎች አሉ። በሃያ አንደኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በተደረገው የአርኪዎሎጂ ጥናት ቤሪ ይፋት በተባለው ስፍራ የወላስማ ነገሥታት መካነ መቃብር መኖሩ ታውቋል። ከመቃብሮቹም አንዱ በ1373 ያረፈው የሱልጣን ዓሊ ኢብን ሰብረዲን መሆኑ በድንጋዩ ላይ ከተቀረጸው የዐረብኛ ጽሑፍ ተነቧል። ይህ ድንጋይ ለሙያችን ታላቅ ትምህርት የሚሰጥ ነው። የሣህለ ሥላሴን ዘመን ይፋት የምናየው መንገደኞች በሳሉትና በጻፉት ሲሆን፣ የመቃብሩን ድንጋይ ግን ይፋት ራሱ፣ በራሱ ቋንቋና ለራሱ ሙታን የቀረጸው ነው።

የወላስማ ስም ከመንግሥቱ ውድቀት ጋር አብሮ አልጠፋም። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የይፋትን ቆላ ያስተዳድሩ የነበሩት ወላስማ መሐመድ የቀድሞዎቹ ሱልጣኖች ዘር እንደሆኑ ይነገር ነበር። ክርስቲያኑ ንጉሥ የምሥራቁን ጠረፍ፣ የቀረጡን በርና የጎንቾን እስር ቤት ቁልፍ ለእኒህ እስላም ባላባት በአደራ ሰጥተው ነበር። የንጉሡ የፖለቲካ ብልሃት በዚህ ይገለጻል። ለአልጋው የማይወዳደሩት ወላስማ በአፋር ምድር ከሚያልፉት ነጋዴዎች ጋር በሃይማኖትና በልማድ የተሳሰሩ ነበሩ፤ እሳቸውም በበኩላቸው የአባቶቻቸውን ስምና ክብር ከነአገሩ ጠብቀው ኖሩ። ይህ የሁለት ቤቶች ስምምነት በየትኛውም ሥዕል ላይ ተስሎ ባይገኝም የሸዋ መንግሥት አንዱ መሠረት ነበር።

በሩና ቀረጡ

ከታጁራ ወደብ የሚነሣ ሲራራ ነጋዴ የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ፣ የአፋርን በረሃና አዋሽን ተሻግሮ፣ ከብዙ ሳምንት ጉዞ በኋላ ፋሬ ከተባለችው የይፋት መንደር ይደርሳል። ግመሉ ከዚያ ወዲያ ሽቅብ አይወጣም። ጭነቱ በአህያና በሰው ጀርባ ወደ አልዩ አምባ፣ ከዚያም ወደ አንኮበር ይወጣል። የወላስማ ሹማምንት ዕቃውን የሚቆጥሩትና የንጉሡን ቀረጥ የሚቀበሉት በዚህ በር ነበር። አልዩ አምባ ደግሞ አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና ሐረሬው የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ነበረች።

ከቆላው የሚመጣው ዋና ሸቀጥ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ለወጥ ማጣፈጫም ለገበያ መመንዘሪያም ያገለግል ስለነበር አንድ ዕቃ ሁለት ታሪክ ይዟል። ከጨው ጋር ጨርቅ፣ ናስ፣ ዶቃና የጦር መሣሪያ ይገባ ነበር፤ በምላሹ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና እህል ይወጣ ነበር። ለትልቁ ሒሳብ ደግሞ የማርያ ቴሬዛ ብር አለ። በዚህ ብር ላይ የሚነበበው 1780 የሚለው ቁጥር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ወጥቷል። ስለዚህ በአልዩ አምባ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈውን ብርና ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታውን ብር በዓመተ ምሕረቱ ብቻ ለመለየት አይቻልም። ቅርስ ላይ የተጻፈ ዓመት ሁልጊዜ የቅርሱ ዕድሜ አለመሆኑን ለጀማሪ የሙያ ባልደረባ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከንግዱ ውስጥ አንዱ ግን ያለ ኀፍረት ሊነገር የማይችል፣ ያለ እውነትም ሊታለፍ የማይገባው ነው። ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በተባለው ስፍራ የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ ተይዘው የሚመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚህ ገበያ ተሸጠው፣ በዚያው የጨው መንገድ ቁልቁል ወደ ባሕር ይነዱ ነበር። የንጉሡ ግምጃ ቤት ከዚህም ንግድ ቀረጥ ያገኝ ነበር። የአሞሌ ቁራጭ በየቤተ መዘክሩ ተጠብቆ ሊታይ ይችላል፤ በዚያ መንገድ የተነዱት ሰዎች ግን ስማቸውም መልካቸውም አልተመዘገበም። የይፋትን በር ታሪክ ስንጽፍ ስለ ጨው የምንጽፈውን ያህል ስለ እነሱም መጻፍ ይገባናል።

አንጎለላና አንኮበር

ሣህለ ሥላሴ ዓመቱን በአንኮበር፣ በደብረ ብርሃንና በአንጎለላ ተከፋፍለው ይኖሩ ነበር። አንጎለላን ራሳቸው በቱለማ ኦሮሞ ጠረፍ ላይ ቆረቆሯት። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በየዓመቱ ይዘምቱ ነበር። ክራፕፍ በ1840 መጀመሪያ፣ እንግሊዛዊው ሃሪስ ደግሞ በ1841 መጨረሻ ላይ ዘመቻውን ተከትለው ያዩትን ጽፈዋል። ከጽሑፎቹ እንደምንረዳው ዘመቻው ግብርና ከብት የሚሰበሰብበት፣ መንደር የሚቃጠልበትና ሰው የሚማረክበት ነበር። ይህ ለሸዋ መንግሥት መስፋፋት፣ ለቱለማ ኦሮሞ ደግሞ የመከራ ዘመን ነው፤ ታሪኩን የሚያቀርብ ሰው ሁለቱን አብሮ ማየት አለበት።

በመንግሥታቸው ላይ የተነሣው ብርቱ ፈተና ግን ከራሳቸው ጦር አለቆች መካከል በሜዶቆ የተመራው ዐመፅ ነበር። ዐመፁ ደብረ ብርሃንን ጨምሮ ብዙ ስፍራዎችን ካቃጠለ በኋላ በረደ። በድርቅና በረኃብ ጊዜም ንጉሡ የመንግሥቱን ጎተራ ከፍተው ሕዝቡን መመገባቸው በመልካም ይታወሳል።

በንጉሡ ዘንድ የእጅ ጥበብ ከጠመንጃ እኩል የተወደደ ነበር። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ጠመንጃ ጠጋኙን በቤተ መንግሥታቸው ዙሪያ ሰብስበው ያሠሩ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ ድሜጥሮስ የተባለ ግንበኛ የውሃ ወፍጮ ቢሠራላቸው ካህናቱ የአጋንንት ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙት ይነገራል። ወፍጮው የንጉሡን ምኞትና የዘመኑን ወሰን በአንድነት የሚያሳይ ነው። ለእንግሊዝና ለፈረንሣይ መንግሥታት በጻፏቸው ደብዳቤዎችም አጥብቀው የጠየቁት የጦር መሣሪያና የእጅ ጥበብ ነበር።

ብራናውና ማኅተሙ

በ1841 ሐምሌ ወር አካባቢ ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከቦምቤይ መንግሥት ተልኮ በታጁራና በፋሬ በኩል ሸዋ ገባ። ከጓዶቹ መካከል ሐኪሙ ኪርክ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ሮትና ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን ቤርናትስ ነበሩ። ለንጉሡ ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል ጠመንጃዎችና ቀላል መድፎች ይገኙባቸዋል። መድፉ ሲተኮስ መታየቱ ከውሉ ቃል ይበልጥ የሸዋን መኳንንት ሳያስደንቅ አልቀረም።

ኅዳር 16 ቀን 1841፣ ይህም ኅዳር እንደ ኤውሮጳውያን ወር ሲቆጠር ነው፣ አንጎለላ ላይ በሸዋና በእንግሊዝ መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ውሉ አሥራ ስድስት አንቀጾች ነበሩት፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛም ተነበበ። የተጻፈበት ብራና በአንድ ወገን የሥላሴ ሥዕል፣ በሌላው ወገን የእንግሊዝ መንግሥት አርማ ነበረው። የሥላሴ ሥዕል የሸዋ ንጉሥ ማኅተም እንደነበረ ሃሪስ ጽፏል። ከሙያችን አንጻር ይህ ብራና ከሥዕሎቹ ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። በሥዕሎቹ ላይ ንጉሡ የሚታዩት ሌላው ሰው እንደተመለከታቸው ሲሆን፣ በብራናው ላይ ግን ራሳቸው መታየት እንደፈለጉ ሆነው ቀርበዋል። ስማቸው የሥላሴ ይቅርታ ማለት ነው፤ ማኅተማቸውም ስማቸውን የሚያስተጋባ ነው። ከእንግሊዝ አርማ ጋር ፊት ለፊት መቀመጡም የሁለቱ ነገሥታት እኩልነት በሥዕል የተነገረበት ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚህ ውል ጥቂት ቆይቶ ሮሼ ዴሪኩር ለሁለተኛ ጊዜ መጣ፤ በ1843 ሰኔ 7 ቀንም፣ ይህም እንደ ኤውሮጳውያን ወር ነው፣ ከፈረንሣይ ጋር ሌላ ውል ተደረገ። ንጉሡ ሁለቱን ኃያላን ጎን ለጎን መያዛቸው ከአንዱ ብቻ ጋር ቢጣበቁ የሚመጣባቸውን ስለተገነዘቡ ይመስላል። ውሎቹ ግን ለንግድ ያመጡት ለውጥ ጥቂት ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ከተመለሰ በኋላ ጉዳዩ ተከታታይ ሳያገኝ ቀረ፤ ብራናው ከውሉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ።

የቤርናትስ እጅ

ቤርናትስ በሸዋ ሳለ ያየውን በእርሳስና በቀለም እየነደፈ ያዘ። ወደ ኤውሮጳ ከተመለሰ በኋላ ንድፎቹ በድንጋይ ማተሚያ ተባዝተው በ1852 በለንደን በሁለት ክፍል ታተሙ። የመጀመሪያው ክፍል ስለ አፋር ቆላ፣ ሁለተኛው ስለ ሸዋ ደጋ ነው። በዚህ አከፋፈል ይፋት በሁለቱ ክፍሎች መካከል የሚገኝ ደረጃ ሆኗል፤ መንገደኛው የሚወጣበት እንጂ የሚያርፍበት አይደለም። የአንድ መጽሐፍ አከፋፈል አንድን አገር ከዐይን ሊያርቅ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በሸዋ ከተነደፈው እስከ ለንደን ከታተመው ድረስ አሥር ዓመት ያህል አልፏል። የድንጋይ ማተሚያ ሠራተኛው ሸዋን አያውቅም፤ የልብሱን እጥፋት፣ የሰውን ፊት፣ የዛፉን ቅርጽ በለመደው እጅ ማሳመሩ አይቀርም። ስለዚህ ከእንዲህ ያለው ሥዕል ላይ የመንገዱን አቀማመጥ፣ የቤቱን አሠራር፣ የጭነቱን ዓይነት በጥንቃቄ ልንቀበል እንችላለን፤ የፊት ገጽታን ግን ከሌላ ምስክር ጋር ሳናስተያይ ልንቀበል አይገባም። ያዩዋቸው ሰዎች ንጉሡ አንድ ዐይናቸው የታወረ እንደነበረ መስክረዋል። የሣህለ ሥላሴን ሥዕል ለሕዝብ የምናሳይ ከሆነ፣ ተመልካቹ የሚያየው የሰውየውን ትክክለኛ መልክ ሳይሆን ሠዓሊው የመረጠውን መልክ መሆኑን ከሥዕሉ ግርጌ ልንጽፍለት ይገባል።

የጽሑፍ ምስክሮችም እንዲሁ መመዛዘን አለባቸው። ሃሪስ በ1844 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ንጉሡን በደማቅና በተንዛዛ ቃላት ገልጿቸዋል። በዚያው ዓመት መጽሐፉን ያሳተመው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ግን አልዩ አምባ ላይ ከነጋዴዎች ጋር ቤት ይዞ የኖረ ሰው ነው። ስለ እንግሊዙ መልእክተኛ አድራጎት የጻፈው በብዙ ስፍራ ከሃሪስ የተለየ ነው። አንዱ ከአዳራሽ፣ ሌላው ከገበያ ተመልክተዋል። ክራፕፍ በበኩሉ ከሸዋ የሰበሰባቸውን የብራና መጻሕፍት ወደ አገሩ ልኮ፣ ቱቢንገን የደረሱት መጻሕፍት ለኤውሮጳ የግዕዝ ጥናት አገልግለዋል። በዚህም ምክንያት ከሸዋ የወጡ ቅርሶች ዛሬ በብዙ አገሮች ተበታትነው ይገኛሉ።

የጎንቾ ሰንሰለት

በንጉሡ ሕይወት ውስጥ ትልቁ የሰብአዊነት ፈተና በመጨረሻዎቹ ዓመታት መጣ። ሠላሳ ዓመት በነገሡ ጊዜ፣ ልዑላኑ ዘመዶቻቸው አሁንም በጎንቾ በሰንሰለት ላይ ነበሩ። በ1843 መጀመሪያ ላይ፣ ሃሪስ እንደጻፈው፣ ንጉሡ በጽኑ ታምመው ከዳኑ በኋላ እስረኞቹ እንዲፈቱ አዘዙ። ከወጣትነት እስከ ሽምግልና በታሰሩበት ስፍራ የኖሩት ሰዎች ወደ ብርሃን ወጡ። ሃሪስ ለዚህ ድርጊት የራሱ ምክር ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። ይሁን እንጂ የሚሞትበትን ቀን ያሰበ ክርስቲያን ንጉሥ ከራሱ ኅሊና ጋር የሚያደርገውን ሙግት የውጭ መልእክተኛ ብቻውን ሊጨርስለት አይችልም። እስረኞቹን የፈታው በመጨረሻ የንጉሡ ቃል ነው፤ አስረዋቸው የነበሩትም እሳቸው ናቸው።

ከጎንቾ የቀረ ሥዕል፣ ከዚያ ሰንሰለት የቀረ ቀለበት ቢገኝ እንኳ ብቻውን ሊናገር አይችልም። የዘውድ ቅርስ በመስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ሁሉም ያደንቀዋል፤ የእስር ብረት ግን ማን በማን ላይ፣ ለምን ያህል ዘመን እንዳሰረበት ካልተጻፈ ተራ ብረት ነው። ለዘውዱ የምንሰጠውን ጥንቃቄ ለሰንሰለቱም ካልሰጠን፣ የሸዋን ሰላም ዋጋ ሳይታወቅ እናስቀረዋለን። ሣህለ ሥላሴ አሥረውም ፈትተውም የኖሩ ንጉሥ መሆናቸው ሳይሸፈን ሲነገር ታላቅነታቸው አይቀንስም፤ ሰውነታቸው ይታያል።

ከንጉሡ በኋላ

ሣህለ ሥላሴ በ1847 ጥቅምት ወር ዐረፉ። ልጃቸው ኃይለ መለኮት ተተኩ፤ በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በያዙ ጊዜ በ1844 አንጎለላ የተወለዱት የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ምኒልክ በ1865 አምልጠው ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላ፣ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች በመቅደላ ዘመቻ ብዙ ፎቶግራፍ አነሡ። ከዚያ ወዲያ የኢትዮጵያ ነገሥታት መልክ ከካሜራ አልራቀም። ከሣህለ ሥላሴ ሴት ልጅ ከተናኜ ወርቅ ራስ መኮንን፣ ከእሳቸውም አፄ ኃይለ ሥላሴ ተወልደዋልና፣ እስከ 1974 የቆየው ዘውድ ከአንኮበሩ ንጉሥ ጋር በደም የተያያዘ ነበር።

በሩ ግን ቦታውን ለቀቀ። አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረችና የጅቡቲ ባቡር በ1917 ከተማዋ ከደረሰ በኋላ የፋሬና የአልዩ አምባ መንገድ ጭነቱን አጣ። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን በጣርማ በር ዋሻ በኩል ወደ ደሴ የተዘረጋው የመኪና መንገድ ከተራራው ወርዶ በሮቢት በኩል አለፈ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሸዋ ሮቢት በዚህ መንገድ ላይ ያደገች የቆላ ከተማ ናት። ግመል ሲራገፍበት የነበረው የይፋት ቆላ ዛሬ የጭነት መኪና ይመላለስበታል። ደጋና ቆላን የሚያገናኝ በር መሆኑ ግን አልቀረም። በመንገዱ የሚያልፈው መንገደኛም ከቀኙና ከግራው ባለው ኮረብታ ላይ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የነበረ መንግሥት ፍርስራሽ መኖሩን ሳያውቅ ያልፋል።

እንግዲህ ለማኅበራችን አባላት ከዚህ ሕይወት የሚወጣው የሥራ ትምህርት ግልጽ ነው። ማንኛውም ሥዕል፣ ፎቶግራፍ ወይም ቅርስ ወደ መዝገባችን ሲገባ ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው፣ ለማን ሠራው፣ ምንን ሳያሳይ ቀረ የሚሉት አራት ጥያቄዎች በካርዱ ላይ መልስ ሊያገኙ ይገባል። በውጭ አገር ያሉትን የሸዋ ሥዕሎችና ብራናዎች በቅጂም ቢሆን ሰብስበን ከአገር ውስጡ ምስክር ጋር ማስተያየት አለብን። በይፋት ያሉት የመስጊድ ግንቦችና የተቀረጹት የመቃብር ድንጋዮች በፀሐይና በዝናብ ሥር ያሉ፣ አንድ ጊዜ ከፈረሱ የማይመለሱ መዛግብት ናቸው፤ ፎቶግራፋቸውና ልካቸው ሳይዘገይ መያዝ ይኖርበታል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ስለ ጎንቾ፣ ስለ ወላስማ ቤትና ስለ ጨው መንገድ የሚያስታውሱት ሁሉ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ሊጻፍ ይገባዋል። ካሜራ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ይፋት ዘግይቶ ቢደርስ የዘመኑ ነገር ነው፤ ዛሬ በእጃችን እያለ ቢዘገይ ግን ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።